ምድጃው ይቀየር ከተባለ ማን ይክፈል? አውሮፓ ለአየሯ ስለምታወጣው ገንዘብ

(ለንደን ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። በቅዳሜ ምሽት ስለ ጭስ ለመስማት ከቤቱ የሚወጣ ሰው ብዙ አይደለምና ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቆሻሻ አየር ሳንባ እንደሚጎዳ፣ ልብ እንደሚያደክም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሱን አልደግምላችሁም። የዛሬው ወሬዬ ስለ ገንዘብ ነው። መንግሥት አየር ለማጽዳት ገንዘብ ሲመድብ ገንዘቡ የት ይደርሳል? ማን ኪስ ይገባል? ማንስ ሳይደርሰው ይቀራል?

ሁለት ቁጥር ላስቀድም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የአውሮፓ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንዳሰላው፣ በ2022 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 239,000 ያህል ሰዎች በጥቃቅን ብናኝ የተነሳ ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። ብናኙ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው መጠን ባያልፍ ኖሮ ይተርፉ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ይሄ ነው፦ ከ2005 ጋር ሲነጻጸር ይህ ሞት በ45 በመቶ ቀንሷል። ስለ መጀመሪያው ቁጥር ጋዜጣው ሁሉ ይጮሃል። እኔን የሚስበኝ ሁለተኛው ነው። ጭስ ደግሞ ደክሞት አይተውም። አንድ ሰው ከፍሎበታል።

እዚሁ ከተማ ልጀምር። ዲሴምበር 1952 ለንደን ላይ ጉም ወርዶ አምስት ቀን አልነሳም አለ። ንፋስ የለም። ብርዱ ከባድ ስለነበር እያንዳንዱ ቤት የድንጋይ ከሰሉን ይማግዳል። ጭሱ ሽቅብ መውጣት አቅቶት ከጉሙ ጋር ተደባልቆ መንገድ ላይ ተኛ። ሹፌሩ ፊቱ ያለውን ማየት ስላልቻለ የአውቶቡሱ ረዳት መብራት ይዞ ከፊት ይራመድ ነበር። መጀመሪያ 4,000 ያህል ሰው ሞተ ተባለ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 12,000 ያደርሱታል። መንግሥት በመጀመሪያ ነገሩን ኢንፍሉዌንዛ ላይ ሊያላክክ ሞክሮ ነበር። አላዋጣውም። ሰር ሂው ቢቨር የሚባሉ መሐንዲስ የመሩት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰውየው የጊነስ ቢራ ፋብሪካንም ይመሩ ነበር። በ1956 የንጹህ አየር ሕግ ወጣ።

ሕጉ የአካባቢ ምክር ቤቶች «በዚህ ሰፈር ማጨስ ክልክል ነው» ብለው እንዲያውጁ ሥልጣን ሰጠ። ሲጋራ ማለቴ አይደለም፤ የጭስ ማውጫውን ነው። ይሄን ክፍል ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። የሚረሳው የገንዘቡ ክፍል ነው። የቤቱ ባለቤት ምድጃውን ጭስ አልባ ነዳጅ ወደሚያነድ፣ ወይም ወደ ጋዝ፣ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀይር ከወጪው 70 በመቶው ይመለስለታል። 40ው ከማዕከላዊ መንግሥት፣ 30ው ከአካባቢው ምክር ቤት። የቀረውን 30 ራሱ ይችላል።

ክልከላውና ክፍያው በአንድ ሕግ ውስጥ ተጻፉ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይሄው ነው። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የሠራ ነገር ባየሁ ቁጥር ሁለቱን ጎን ለጎን አገኛቸዋለሁ። አንዱ ሲጎድል ደግሞ ጣጣው ብዙም ሳይቆይ ይመጣል።

«ደብሊንስ?» የሚለኝ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደብሊን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ገንዘብ ሳያስፈልግ በክልከላ ብቻ ይቻላል ለማለት ነው። ነዳጅ ዘይት በተወደደበት ዘመን የደብሊን ሰው ወደ ከሰል ዞረ፤ በ1980ዎቹ የከተማዋ አየር ተበላሸ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1990 የሚያጨሰውን ከሰል በከተማዋ መሸጥ ተከለከለ። ማንም የሰው ቤት ገብቶ ምድጃ አልፈተሸም፤ የተያዘው ሻጩ ነው። ጥቁሩ ጭስ 70 በመቶ ያህል ወረደ። በአንድ ክረምት! ይህ ግን ሊሆን የቻለው ጭስ አልባው ከሰል በዚያው ምድጃ ውስጥ ስለሚነድ ነው። ማንም አዲስ ማሽን አልገዛም። እንዲያም ሆኖ ጭስ አልባው ስለሚወደድ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤቶች በየሳምንቱ የሚከፈል ትንሽ ድጎማ ነበር። ተመሳሳዩን ክልከላ መላው አየርላንድ ላይ ለማዳረስ ደግሞ እስከ ኦክቶበር 2022 ድረስ ፈጀ። 32 ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን ልቆይበት ወደምፈልገው ቦታ ልሂድ። ክራኮው፣ ፖላንድ።

ክራኮው ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ አደባባይዋና ስለ ቤተ ክርስቲያኖቿ ነው የሚያወራው። በክረምት የሄደ ግን ስለ ሽታውም ያወራል፤ ቢያንስ ድሮ ያወራ ነበር። ከተማዋ በቪስቱላ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ናት። ክረምት ሲገባ ንፋሱ ይቆማል፤ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ይተኛና እንደተከደነ ድስት ታፍና ትውላለች። ከታች በሺህ የሚቆጠሩ የቤት ማሞቂያዎች ከሰል ያነዳሉ፤ እንጨት ያነዳሉ፤ አንዳንዱ ቤት ቆሻሻም ይጨምርበታል። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ሲታይ ከአውሮፓ ኅብረት 50 እጅግ የተበከሉ ከተሞች 33ቱ ፖላንድ ውስጥ ነበሩ።

በ2012 መጨረሻ ጥቂት ነዋሪዎች ተሰባስበው የክራኮው የስሞግ (ጭስ የተቀላቀለበት ጉም) ማንቂያ የሚባል እንቅስቃሴ ጀመሩ። ፓርቲ አይደሉም። ልጆቻቸው የሚያስሉባቸው ወላጆችም ነበሩበት። ሰልፍ ወጡ፣ ፖስተር ለጠፉ፣ ምክር ቤቱን ነዘነዙ። በ2013 የማሎፖልስካ ክልል ምክር ቤት ክራኮው ውስጥ ከሰልና እንጨት ማንደድን ከለከለ። በ2014 ፍርድ ቤት ሻረው፤ የክልሉ ሥልጣን እዚያ ድረስ አይደርስም ተባለ። ሰዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። በ2015 ብሔራዊው ሕግ ራሱ ተሻሻለ። ጃንዋሪ 2016 ክልከላው እንደገና ጸደቀ፤ የሚጀምርበትም ቀን ተቆረጠ፦ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2019።

ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ልብ በሉ። ገንዘቡ ደግሞ ከቀኑ ቀድሞ መጥቶ ነበር። ከተማው መጀመሪያ ላይ የከሰል ማሞቂያውን ለሚቀይር ሰው ሙሉ ወጪውን ይሸፍን ነበር። ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ የድጎማው ድርሻ እያነሰ መጣ። ዘዴው ገባችሁ አይደል? ቶሎ የመጣ በነጻ፣ ያመነታ ከኪሱ ጨምሮ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ቅጣት። ሰውን ከመለመንም ከማስፈራራትም የተሻለ ይሠራል።

እኔ ግን የክራኮው ሰዎች ከሠሩት ሁሉ የማደንቀው ብዙም የማይወራለትን ነው። አንዲት ጡረተኛ ሴትዮ አስቡ። ከተማው በነጻ የጋዝ ማሞቂያ ተከለላት። እልል። ወሩ ሲያልቅ ግን የጋዝ ሂሳቡ መጣ፤ ከሰል ከምትገዛበት ይበልጣል። ምን ታደርጋለች? ወይ በብርድ ትቀመጣለች፣ ወይ ድሮ ወደምታውቀው ከሰል ትመለሳለች። ከተማው ይሄ እንደሚመጣ አስቀድሞ አስቦበታል። ከ2014 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪዎች በአሮጌውና በአዲሱ ማሞቂያ ወጪ መካከል ያለውን ልዩነት የሚከፍል ፕሮግራም ነበረው፤ የሚያስፈጽመውም የከተማው የማኅበራዊ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ነው። በየዓመቱ፣ ሂሳቡ በመጣ ቁጥር። አብዛኛው መንግሥት እዚህ ጋ ነው የሚሰንፈው። ማሽን ሰጥቶ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል።

ውጤቱ ታይቷል። የክራኮው ክረምት ከድሮው ጋር ሲነጻጸር በግልጽ ጸድቷል። ሙሉ በሙሉ አልጸዳም። ክልከላው የከተማው ወሰን ላይ ያበቃል፤ ዙሪያዋን የከበቧት ትንንሽ ከተሞችና መንደሮች ከሰላቸውን ማንደድ ቀጠሉ፤ ጭሳቸውም ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይወርዳል። በክልሉ በሙሉ እጅግ የሚያጨሱት ማሞቂያዎች በ2023 መጀመሪያ ይወገዳሉ ተብሎ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ ገንዘብም ዝግጅትም ስላልነበረ ወደ ሜይ 2024 ተገፋ። አንድ ክልል፣ አንድ ዓይነት ክልከላ፣ አጠገብ ለአጠገብ። ክራኮው ገንዘቡን ቀድማ አውጥታ በቀኗ ገባች፤ ጎረቤቶቿ ቀን አራዘሙ።

አሁን ደግሞ ገንዘብ ሲትረፈረፍ ምን እንደሚሆን እንይ። ከፖላንድ አንወጣም። በ2018 መንግሥት «ንጹህ አየር» የሚል አገር አቀፍ ፕሮግራም ከፈተ። በጀቱ ለአሥር ዓመት 103 ቢሊዮን ዝሎቲ፣ በፖላንድ ገንዘብ ማለት ነው። ዓላማው በሦስት ሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችን አሮጌ ማሞቂያ መቀየርና ቤቶቹን ብርድ እንዳያስገቡ ማልበስ። በአውሮፓ በዚህ ጉዳይ ከወጡት ፕሮግራሞች ትልቁ ሊባል የሚችል ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ ገደለው። ቅጹ ረጅም፣ መልሱ ዘገምተኛ። ድሃው ደግሞ መጀመሪያ ከኪሱ ከፍሎ ቆይቶ እንዲመለስለት መጠበቅ ነበረበት። ቀድሞ የሚከፍለው ቢኖረው ኖሮ ድሃ ይባል ነበር? ይሄን ለማስተካከል ቅድሚያ ክፍያ ተጀመረ፤ ገንዘቡ ሥራው ሳያልቅ በቀጥታ ለሥራ ተቋራጩ ይገባል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ቁጥጥሩ ግን አልነበረም። ዋጋ የሚያንሩ፣ ሥራ ጀምረው የሚጠፉ ተቋራጮች ገቡ። ግድግዳው ብርድ በሚያስገባ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ፣ የሙቀት ፓምፕ የሚባለው፣ የተተከለላቸው ሰዎች ነበሩ፤ የኤሌክትሪክ ሂሳባቸውን ሲያዩ ደነገጡ። ኖቬምበር 2024 መንግሥት ፕሮግራሙን አገደ። ማርች 2025 መጨረሻ ላይ በአዲስ ደንብ ተከፈተ።

መሃል ላይ ደግሞ ጦርነት መጣ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ ፖላንድ የሩሲያን ከሰል አቆመች፤ የከሰል ዋጋ ሰማይ ነካ። መንግሥት ከሰል ለሚያነድ ቤተሰብ 3,000 ዝሎቲ ሰጠ። የገዢው ፓርቲ መሪ ያሮስዋቭ ካቺንስኪ በአንድ ስብሰባ ላይ ከጎማና ከመሳሰሉት ጎጂ ነገሮች በስተቀር የተገኘውን ሁሉ ማንደድ ያስፈልጋል እስከማለት ደረሱ። እንግዲህ አንድ መንግሥት በአንድ እጁ ከሰሉን ጣሉ ብሎ ይከፍላል፤ በሌላ እጁ ከሰሉን ግዙ ብሎ ይከፍላል። እኔ አልስቅባቸውም። ሰው በብርድ ይሙት ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከአራት ዓመት በፊት የተጀመረው ቅየራ ቶሎ ቶሎ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ያን 3,000 የሚፈልገው ቤት ቁጥር ያን ያህል ባልሆነ።

የኅብረቱ ገንዘብ የት አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ግን ትንሽ ነው። የኅብረቱን ወጪ የሚመረምረው የአውሮፓ ኦዲተሮች ፍርድ ቤት የሚባለው ተቋም በ2018 ጉዳዩን መርምሮ፣ ከ2014 እስከ 2020 ለአየር ጥራት በቀጥታ የተመደበው 1.8 ቢሊዮን ዩሮ ያህል እንደሆነና ይህም ኅብረቱ ኋላ የቀሩ ክልሎችን ለማሳደግ ከሚመድበው የኮሄዥን ፖሊሲ ገንዘብ 1 በመቶ እንደማይሞላ ጽፏል። ከ103 ቢሊዮን ዝሎቲው ጋር አስተያዩት፤ ዝሎቲው ወደ ዩሮ ቢመነዘርም ከ20 ቢሊዮን ይበልጣል። ብራስልስ ሕግ ታወጣለች እንጂ ምድጃውን የሚቀይረው የአገሩና የከተማው ካዝና ነው።

ስቶክሆልምን በአጭሩ ልንካት። በ2006 ወደ መሃል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ ክፍያ ሲጣል አብዛኛው ነዋሪ ይቃወም ነበር። ከተማዋ «ለሰባት ወር እንሞክረው፣ ከዚያ ድምፅ ስጡበት» አለች። ከዚያ በፊት ግን፣ ክፍያው ገና ሳይጀመር በኦገስት 2005፣ 197 አዲስ አውቶቡስና 16 አዲስ መስመር አሰማራች። ትራፊኩ 20 በመቶ ያህል ቀነሰ። በሴፕቴምበር 2006 የከተማዋ ሕዝብ ድምፅ ሲሰጥ አብላጫው ይቀጥል አለ። አውቶቡሱ ቀድሞ ባይመጣ ውጤቱ ይሄ ይሆን ነበር? አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ዩሌዝ የሚለውን ቃል፣ በለንደን ብዙ የሚበክል አሮጌ መኪና በቀን የሚከፍልበትን ደንብ ማለቴ ነው፣ ስጠራ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሹፌሮች ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ይታየኛል። ልክ ናችሁ፤ 12 ፓውንድ ከ50 በቀን ቀልድ አይደለም።

ለምን እንደመጣ ግን አንርሳ። ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ በሉዊሻም፣ ብዙ መኪና በሚያልፍበት መንገድ አጠገብ የምትኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በ2013 በአስም ሞተች። በዲሴምበር 2020 የሞት መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋፅኦ እንዳደረገ ወሰነ። በብሪታንያ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። እናቷ እዚያ ለመድረስ ዓመታት ታግላለች።

ዩሌዝ በኤፕሪል 2019 መሃል ከተማ ተጀመረ። በኦክቶበር 2021 ሰፋ። ኦገስት 29 ቀን 2023 መላው ለንደን ላይ ተዳረሰ። ደንቡን ታውቁታላችሁ፦ ላለመክፈል የቤንዚን መኪና «ዩሮ 4»፣ የናፍጣ ደግሞ «ዩሮ 6» የሚባለውን የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ማሟላት አለበት። አብዛኛው መኪና ቀድሞውኑ ያልፍ ነበር። ችግሩ የማያልፉት መኪኖች የማን እንደሆኑ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሌሊት ፈረቃ ያለው፣ አሮጌ ቫን ይዞ ዕቃ የሚያመላልሰው። አውቶቡስ በማይኖርበት ሰዓት የሚወጡ ሰዎች ናቸው።

አሮጌ መኪና ለሚያስወግድ ገንዘብ ተመድቦ ነበር፤ ለመኪና እስከ 2,000 ፓውንድ። ግን በመጀመሪያ የሚያገኘው የመንግሥት ድጎማ ተቀባይ የሆነ ብቻ ነበር። ከድጎማ በላይ፣ ከምቾት በታች ያለው ሠራተኛ ከሁለቱም ወጣ። ጁላይ 2023 በምዕራብ ለንደን፣ በአክስብሪጅ፣ የፓርላማ ማሟያ ምርጫ ተደረገ፤ ወግ አጥባቂዎቹ ዩሌዝን መሣሪያ አድርገው በ495 ድምፅ ልዩነት ወንበሩን ያዙ። ከዚያ በኋላ፣ በኦገስት፣ ከንቲባው ሳዲቅ ካን ድጎማውን ደንቡን የማያሟላ መኪና ላለው የለንደን ነዋሪ ሁሉ ከፈቱት፤ በጀቱም ከ110 ወደ 160 ሚሊዮን ፓውንድ አደገ። ዩሌዝ መላው ለንደን ላይ ሊዳረስ የቀሩት ቀናት ነበሩ። እኔ ዩሌዝን እደግፋለሁ። ገንዘቡ ግን ከንዴቱ በኋላ ነው የመጣው። ክራኮው ዓመታት ቀድማ የሠራችውን ለንደን በመጨረሻው ሳምንት ሠራችው። የዩሌዝ መቆጣጠሪያ ካሜራ የተሰበረውም፣ ከንቲባው የተሰደበውም በከፊል ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን ያሳስበናል? በዲሴምበር 2024 አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት የአየር ጥራት ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። እስከ ዛሬ ለጥቃቅኑ ብናኝ ዓመታዊው ገደብ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 25 ማይክሮግራም ነበር፤ በ2030 ወደ 10 ይወርዳል። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ከ40 ወደ 20። መንግሥት ሕጉን ጥሶ ጤናው የተጎዳ ሰው ካሳ መጠየቅ እንዲችልም መብት ተሰጥቷል። እኛ ያለንባት ብሪታንያ ከኅብረቱ ስለወጣች አይመለከታትም፤ እንግሊዝ 10 ላይ ለመድረስ በሕግ የቆረጠችው ለ2040 ነው።

ሕጉ ውስጥ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። ብዙ የቤት ማሞቂያ መቀየር የግድ የሆነበት አካባቢ ቀኑን እስከ 2040 ማስገፋት ይችላል። ጣሊያን ውስጥ የፖ ሸለቆን፣ ደቡብ ፖላንድን አስቡ። ለብዙ ሰው ይህ ማምለጫ ነው። ለእኔ ግን የሂሳብ ደረሰኝ ይመስለኛል። ሕግ አውጪዎቹ የከሰል ምድጃ በትእዛዝ ብቻ እንደማይነሳ፣ የሚከፍል እስኪገኝ ጊዜ እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ አምነዋል።

ንግግሩ እንዳለቀ አንድ ወንድም ከኋላ እጁን አወጣ። «አሮጌዎቹ መኪኖችስ የት ይሄዳሉ? ወደ እኛ አገር አይደለም ወይ?» አለ። የመለስኩለትን እዚህ ልጻፈው።

የለንደኑን ገንዘብ የወሰደ ሰው መኪናውን ማስፈጨት ነበረበት፤ በ2024 ደግሞ ለዩክሬን መለገስም ተፈቀደ። ያልወሰደ ግን ሸጦታል። የእንግሊዝ መኪና መሪው በቀኝ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ብዙም አይመች፤ ከዋናው አውሮፓ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 እንዳወጣው፣ ከ2015 እስከ 2018 በዓለም ዙሪያ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ተልከዋል። ከግማሽ በላይ የላከው የአውሮፓ ኅብረት ነው። 40 በመቶ ያህሉ የደረሰው አፍሪካ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሏን ታውቃላችሁ፤ ሌሎቹ አገሮች ግን በአብዛኛው በሩን አልዘጉም።

ለዚህ ነው ድጎማ ሲሰጥ አሮጌው ዕቃ መሰባበሩ መረጋገጥ ያለበት። ፖላንድ አሮጌው ማሞቂያ ለብረት መጣሉን የሚያሳይ ወረቀት ትጠይቃለች። ጀርመን በ2009 አሮጌ መኪናውን ጥሎ አዲስ ለሚገዛ ሰው 2,500 ዩሮ ስትሰጥ 5 ቢሊዮን ዩሮ አወጣች። የጀርመን የወንጀል መርማሪ ፖሊሶች ማኅበር በዚያን ጊዜ 50,000 ያህል «ተፈጭተዋል» የተባሉ መኪኖች ወደ አፍሪካና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሳይሸጡ እንዳልቀሩ ገመተ። መኪናው ተፈጭቷል የሚለውን ማረጋገጫ ወረቀት የሚሰጠው መኪናው የሚደርሰው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ራሱ ነበር።